ዝም ያለው ጊታርና ሊበሳ የነበረው ክራር

(በደብረ ማርቆስ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ንግግር ይደረጋል የሚለውን ማስታወቂያ አይታችሁ ዘፈን ለመስማት የመጣችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። እኛ እዚህ የቆምነው ለመዝፈን አይደለም። ከመካከላችን ጊታር ደኅና አድርጎ የሚመታ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የቀረነው ክሩን ከመምታት ይልቅ ሆዱን ከፍቶ ማየት የሚቀናን ነን። «መምታት የማትችሉትን ነገር ምን አስነካችሁ?» የሚለን ቢኖር ሊዮ ፌንደርን ለምስክርነት እንጠራለን። ይኸ ሰው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን በምትባል ከተማ በ1938 እ.ኤ.አ. የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የኤሌክትሪክ ጊታሮች አንዱን፣ ስትራቶካስተር የተባለውን፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው እርሱ ነው፤ ዳሩ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጊታር መጫወት አልተማረም። ቀዳሽ ያልሆነም ደወል ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከየኪሳችን አዋጥተን የገዛነው፣ በስትራቶካስተር አምሳል የተሠራ አንድ ጊታር አለን። ብዙዎቻችሁ በመዋጮው ውስጥ ስላላችሁበት የእናንተም ነው። ይኸ ጊታር ሦስት ፒክአፕ አለው፤ አንዱ ወደ አንገቱ፣ አንዱ ከመካከል፣ አንዱ ደግሞ ክሮቹ በታች በኩል ወደሚያርፉበት ብረት፣ ድልድይ ወደምንለው የተጠጋ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ወደ ድልድዩ የተጠጋው በድንገት ዝም አለ። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ከፍቶ እንኳ ሳያየው፣ «ይኸ ሞቷል፤ ሌላ ጊታር ግዙ» አለን። አነጋገሩ መርዶ ነጋሪ ይመስል ነበር። ሌላ መዋጮ ልንጠይቃችሁ ፊት ስላልነበረን ጊታሩን ተሸክመን ተመለስን፤ በዚያው ማታም ክሮቹን ፈታን፣ የፕላስቲክ ሽፋኑንም ከፈትን።

ብዙ ሰው ፒክአፕን እንደ ማይክሮፎን ያስበዋል። እኛም እንደዚያው እናስብ ነበር፤ ይኸው ስሕተት በኋላ የሰው ክራር ሊያስበሳን ነበርና ጉዳዩን ከሥሩ ብንጀምረው ይሻላል።

በፒክአፑ ውስጥ ከስድስቱ ክሮች ሥር ስድስት ትንንሽ የማግኔት ዘንጎች ቆመዋል። በዘንጎቹ ዙሪያ ከራስ ጠጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺሕ ጊዜ ተጠምጥሟል። የጊታሩ ክር ብረት ስለሆነ ማግኔቱ እርሱንም ማግኔት ያደርገዋል፤ ክሩ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኀይል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ በሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይወለዳል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ እኛም ለፈተና በቃላችን አጥንተን ከፈተና በኋላ የረሳነው ሕግ ይኸ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጆርጅ ቦሻምፕና አዶልፍ ሪከንባከር የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወጡ የተጠቀሙበትም ይኸንኑ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፒክአፕ ጆሮ የለውም። የሚያውቀው ብረት ሲነቃነቅ ብቻ ነው። አፋችሁን አስጠግታችሁ ብትጮኹበት ምንም አይላችሁም።

ከገበያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እኛ ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ቴስተር እንዲያውሱን ሄድን። እኛ የፈለግነው ቁጥር የሚጽፈውን አዲሱን ዓይነት ነበር፤ እርሳቸው ግን መርፌ ያለውን አሮጌውን ሰጡን። ፊታችን ሲጠቁር አይተው፣ «ይኸ የሚነግራችሁን ያ አይነግራችሁም፤ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ» አሉን። ያልነበረ ልግስና መስሎን ወሰድን።

የአንገቱና የመካከሉ ፒክአፖች ሲለኩ እያንዳንዳቸው ወደ 6000 ኦም ያህል አሳዩ። የዚያ ዓይነት ሽቦ አንድ ሜትሩ ከ5 ኦም ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ፣ አካፍላችሁ ስታዩት በዚያች የክብሪት ቀፎ በምታህል ነገር ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሽቦ ተጠምጥሟል ማለት ነው። ዝም ያለው ግን መርፌውን ፈጽሞ አላንቀሳቀሰውም። ከዚያ ሁሉ ርዝመት መካከል በአንድ ስፍራ ተበጥሷል። ስለዚህ ጊታሩ አልሞተም፤ የሞተው አንድ ሽቦ ነው። የአንዳችን እኅት ከአዲስ አበባ አንድ ፒክአፕ ገዝታ በአውቶቡስ ላከችልን፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ደኅና ገባ።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናዘዝ። አሮጌውን ከመንቀላችን በፊት ሽቦዎቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚገቡ በወረቀት መሣል ይገባን ነበር። አልሣልንም። «አምስት ሽቦ ማን ይረሳል?» ብለን ሁሉንም ነቀልን፤ ቆጥረን ስናበቃ አምስት ሳይሆኑ አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ። ሁለት ሌሊት የበላን ይኸ ነው። አሁን የሚደግመው ሰው ቢኖር በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ከዚያም በእጁ ይሣል፤ ፎቶግራፉ በጥላ የሸፈነውን እጅ ይገልጠዋልና።

አካሄዱ ሲገባን ግን ከባድ አልነበረም። ከእያንዳንዱ ፒክአፕ ሁለት ሽቦ ይወጣል። አንዱ ወደ መቀያየሪያው፣ ሌላው ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ከመቀያየሪያው ወደ ድምፅ ማዞሪያው፣ ከዚያ ወደ ጃኩ ያልፋል። ማዞሪያዎቹ 250 ሺሕ ኦም ናቸው፤ በቃና ማዞሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ወደ ግራውንድ እያሾለከች ታለዝበዋለች። ስለ መቀያየሪያው አንድ ነገር ብቻ እንበል። የፌንደር ጊታር መጀመሪያ ባለ ሦስት ደረጃ ነበር፤ ተጫዋቾች ግን በሁለት ደረጃዎች መካከል እያቆሙት ሁለት ፒክአፕ ባንድ ጊዜ የሚሰጠውን ቃና ወደዱት። ፋብሪካው ይኸን ተቀብሎ ባለ አምስት ደረጃውን ያወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ተጠቃሚው ሠሪውን ያስተማረበት ነገር ስለሆነ ደስ ይለናል።

ሊዱን ለማቅለጥ ግን ተቸገርን። የማዞሪያው ጀርባ ሰፊ ብረት ነውና ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣዋል። ብረቱ ሳይግል ሊዱን ብታንጠባጥቡበት ሊዱ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ደብዝዞ ይቀመጣል፤ የተያዘ ይመስላል፣ ሲነኩት ይለቃል። ደኅና የተያዘ ሊድ ያብረቀርቃል፣ ዳር ዳሩም በብረቱ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። በመጀመሪያው ማታ ከሠራነው ግማሹን በማግሥቱ አፍርሰን እንደገና ሠራነው። መስኮት መክፈትና ከሥራው በኋላ እጅ መታጠብም አይዘንጋ፤ እርሳስ ያለበት ሊድ ከእንጀራ ጋር የሚበላ አይደለም።

ሁሉን ገጥመን ክሩን ወጥረን ስንሞክረው አዲሱ ፒክአፕ ብቻውን እንደ ደወል ጮኸ። ተቃቀፍን። ከመካከሉ ጋር ባንድነት ሲከፈት ግን ድምፁ ሟሽሾ እንደ ትንኝ ሆነ። ሁለት ጤነኞች ሲጋቡ እንዴት በሽተኛ ይወልዳሉ?

የጋሼ ቴስተር ነገር የታወቀን ያን ጊዜ ነው። ቴስተሩን በኦም አድርገን ከአንዱ ፒክአፕ ጋር አገናኘነው፤ የብረት መፍቻ በማግኔቶቹ ላይ አስቀምጠን ቀስ ብለን አነሣነው። መርፌው ወደ ቀኝ ዘለል አለ። በሌላው ፒክአፕ ላይ ያንኑ ስናደርግ ወደ ግራ ዘለለ። ቁጥር የሚጽፈው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ ተራውጠው ባለፉ፣ እኛም ምንም ባላየን ነበር። የአንዱ ምልክት ሲወጣ የሌላው እየወረደ ሁለቱ ይበላሉ ማለት ነው። መድኃኒቱ የአዲሱን ሁለት ሽቦዎች ማለዋወጥ ብቻ ሆነ፤ የፒክአፑ ክዳን ፕላስቲክ ስለሆነ ይኸን ማድረግ አያስቸግርም። በኮምፓስ ስናየው ምክንያቱ ተገለጠ፤ የመካከሉ ሰሜን ወደ ላይ ሲያደርግ አዲሱ ደቡብን ወደ ላይ አድርጓል። ሽቦዎቹን ካለዋወጥን በኋላ ሁለቱ ባንድነት ሲከፈቱ ከመብራት መስመሩ የሚመጣው የ50 ኸርትዝ ጉርምርምታ ቀነሰ። ማግኔቱም ጥምጥሙም ሲገለበጥ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ጉርምርምታው ግን ይቀናነሳል። ሴዝ ላቨር የሚባል የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ በ1955 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥቅሎችን በአንድ ክዳን ውስጥ አጣምሮ የሠራው ፒክአፕ በዚሁ ብልሃት ነው የሚሠራው። እኛ ግን ሳናስበው አገኘነው፤ አልኮራንበትም አንልም።

አሁን የምንናገረው ጨዋታ አይደለምና መምህራኖቻችንም እንዲሰሙን እንለምናለን።

አንዱ ፒክአፕ ብቻውን ሲከፈት ጉርምርምታው አሁንም ከባድ ነበር፤ ክሩንም በእጃችን ስንነካ አልቀነሰም። ከድልድዩ ወደ ግራውንድ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ ረስተናት ኖሯል። እርስዋን ስንገጥማት እጃችን ክሩን በነካ ቁጥር ጉርምርምታው ረገብ ይል ጀመር። ደስ ብሎን ሳለ ከመካከላችን አንዱ፣ «ይህች ሽቦ ክሩን ከምን ጋር ነው ያገናኘችው?» ብሎ ጠየቀ። ተከትለን ሄድን፤ ከክሩ ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ጃኩ፣ ከጃኩ በገመዱ አልፎ ወደ አምፕሊፋየሩ የብረት ሣጥን ይደርሳል። ሣጥኑ ደግሞ በሦስተኛው የሶኬት እግር በኩል ወደ መሬት መሄድ ነበረበት። የእኛ አምፕሊፋየር ግን ሦስተኛ እግር የለውም። የቆረጥነው እኛው ነን፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ ማከፋፈያ ውስጥ አልገባ ቢለን በመጋዝ!

እንግዲህ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ቀን ፌዙ ተላቆ ሣጥኑን ቢነካ 220 ቮልቱ መሬት አጥቶ በጊታሩ ክር ላይ ይቆማል፤ በተጫዋቹ እጅም ያልፋል። ተጫዋቹ በዚያው ጊዜ ሌላ መሬት የተያያዘ ብረት፣ ለምሳሌ ማይክሮፎን፣ ቢጨብጥ ነገሩ አለቀ። ተቃራኒውም ያው ነው። ሌስሊ ሃርቪ የተባለው የስኮትላንድ ጊታር ተጫዋች በግንቦት 1972 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ በስዋንዚ ከተማ፣ በመድረክ ላይ በሕዝብ ፊት የሞተው ጊታሩን እንደ ያዘ በደንብ መሬት ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። እኛ በዚያ አምፕሊፋየር አንድ ዓመት ተኩል ተጫውተናል፤ ባለፈው የምረቃ በዓል ላይ ደግሞ ዝናብ በነካው ሣር ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ ነበረን። አሁን ባለ ሦስት እግር አዲስ መሰኪያ ገጥመንለታል፤ ማከፋፈያውም ተለውጧል። በየመኝታ ቤቱ እግሩ የተቆረጠ ምድጃና ማፍያ ያላችሁ እጃችሁን ማውጣት አያስፈልጋችሁም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ቴስተሩን ልንመልስ በሄድን ጊዜ የሞተውን ፒክአፕ ለጋሼ አሳየናቸው። ማጉያ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡትና፣ «ይኸን ማን ነው ሞተ ያላችሁ?» አሉ። ሽቦው የተበጠሰው ከጥቅሉ ውጭ፣ ከመውጫው ቀለበት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነበር። ሁለት ዙር ያህል ፈትተው፣ ሽፋኑን በምላጭ ጫፍ ፍቀው፣ በአንዲት ነጥብ ሊድ ያዙት። መርፌው ተነሣ። ፒክአፕ ከመግዛታችን በፊት ብንጠይቃቸው ኖሮ መግዛት ባላስፈለገን ነበር። ዋጋ ስንጠይቃቸው፣ «ስትመረቁ ትከፍላላችሁ» ብለው ሳቁ።

እንዲህ አንድ ትርፍ ፒክአፕ በእጃችን ቀረ። ትርፍ ነገር ደግሞ ሥራ ይፈልጋል።

አንድ ጓደኛችን ከቢቸና በኩል ያመጣው ክራር አለው፤ የአያቱ ነው። ገበቴው ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ፊቱ በቆዳ የተለበጠ፣ ክሩ ጅማት ነው። በባንድ መካከል ሲጫወት ድምፁ ስለሚዋጥ፣ «ይኸን ፒክአፕ እንግጠምለት» ተባለ። ቆዳውን በፒክአፑ ልክ በእርሳስ አሰመርን። ባለቤቱ፣ «እርግጠኞች ከሆናችሁ ብሱት» አለ፤ እጁ ግን ክራሩን አልለቀቀውም። ምላጩ በወጣ ጊዜ ከማዶ ተቀምጣ ታየን የነበረች አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ እኅታችን፣ «ማግኔት ጅማት ይስባል እንዴ?» አለች።

ዝም አልን። ከላይ ያን ሁሉ የፋራዴይ ሕግ የተነተንን ሰዎች እኛ ነን። ፒክአፑን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝተን፣ ሳንገጥመው በእጃችን ከክሩ ሥር ይዘን ክራሩን አስመታነው። ምንም። ናይለን አስረንም ሞከርን፤ ምንም። ለበገናና ለመሰንቆም ነገሩ ያው ነው፤ የበገና ጅማትና የፈረስ ጭራ ማግኔት አያውቃቸውም።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ የብረት ክር መጠቀም ነው። በለንደን የተቋቋመው ክራር ኮሌክቲቭ የኤሌክትሪክ ክራርን በዓለም መድረክ አሰምቷል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካ በሐርቫርድና በኤም.አይ.ቲ. በቆዩባቸው በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ክራርን ስለ ማዘመን ሠርተዋል። ይኸን አንቃወምም። አይቤክስ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ፣ በሰላም ሥዩም ጊታርና በጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ስንቱን ዘፈን እንዳጀቡ ለእናንተ መንገር አያሻም፤ ጊታሩ ትዝታንና አንቺ ሆዬን ከተማረ ክራሩ ኤሌክትሪክን ቢማር ነውር የለውም። ግን ለብረት ክር ታስቦ አዲስ የተሠራ ክራር ይሁን። ለጅማት የተሠራ አሮጌ ቀንበር የብረት ክር ሲወጠርበት ሊጎብጥ ይችላል፤ ቃናውም ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ፒየዞ ነው። አንዳንድ ክሪስታል ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. አግኝተዋል። ማግኔት አይፈልግም፤ የሚሰማው እንቅጥቅጡን ነው። እኛ ሲከፍቱት ከሚዘፍን የልደት ካርድ ውስጥ ሳንቲም የምታህለውን ቀጭን ክብ አወጣን፤ ክሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ አጠገብ ለጠፍናት። ማጣበቂያ ቆዳውን እንዳያበላሽ የማር ሰም ተጠቀምን፤ ሰም በጎጃም አይቸግርም። ቅኔ ቤት ያለፈ አንድ ጓደኛችን፣ «ሰሙን እናንተ አገኛችሁ፤ ወርቁን ተጫዋቹ ይፈልግ» አለን።

መጀመሪያ ከማደባለቂያው ሰፊ መሰኪያ ጋር ስናገናኘው ድምፁ ቆርቆሮ ሆነ። ፒየዞ ራሱ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ስለሆነ የሚቀበለው መሣሪያ ዝቅተኛ ኦም ሲኖረው ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። አንድ ሚሊዮን ኦም ገደማ ካለው ከጊታሩ አምፕሊፋየር ጋር ስናገናኘው ግን የክራሩ ወፍራም ክር ተመለሰ። ጣት ቆዳውን ሲነካ የሚወጣው ዱብታም አብሮ ይሰማል። ግማሻችን ወደድነው፤ ግማሻችን አልወደድነውም። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ሲጫወት ቆየና፣ «አያቴ ሲጫወቱ እኔ ጭናቸው ላይ ተኝቼ የምሰማው ይኸንን ነበር» አለ። ቆዳው ላይ የእርሳሱ መስመር አሁንም አለ፤ አይጠፋም ብሏል።

ጊታሩን ሳንከድን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠነዋል፤ ሥዕሉም አጠገቡ አለ። ቀርባችሁ እዩት፣ ንኩትም። ትርፉ ፒክአፕ እስካሁን ሥራ አላገኘም፤ የብረት ክር ያለው የተሰበረ መሣሪያ በቤቱ ያለው ሰው ቢኖር ያነጋግረን።